ምድር ቤት የቀረች ክረምት

በስዊድን መሀል ቬተርን የሚባል ረጅምና ጠባብ ሐይቅ አለ፤ በስፋቱ ከአገሪቱ ሁለተኛው ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ብስክሌተኞች ከሞታላ ከተማ ተነስተው፣ በምሥራቁ ዳርቻ ወደ ዮንሾፒንግ ወርደው፣ በምዕራቡ በኩል ሽቅብ ተመልሰው ሞታላ ይገባሉ። ጉዞው ቬተርንሩንዳን ይባላል። ከ1966 ጀምሮ አለ፤ ርዝመቱ አሁን 315 ኪሎሜትር ነው። አብዛኛው ሰው እየበላ፣ እያረፈ፣ ፎቶ እየተነሳ፣ የማይጨልመውን የሰኔ ሌሊት ነድቶ ይጨርሰዋል። ጥቂቶች ግን በቡድን ተደራጅተው ከ9 ሰዓት በታች ለመግባት ይመጣሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 315 ለ9 ሲካፈል 35። በሰዓት 35 ኪሎሜትር፣ ለሽንት የቆሙበትም ተቆጥሮ።

እኔ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ለመሆን ተጠርቼ ነበር። ሰው ለምኖ የማያገኘውን ቦታ ሳልለምን ሰጡኝ።

ነገሩ የተበላሸው በሰኔ አይደለም። የተበላሸው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ስቶክሆልም ውስጥ፣ በምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ ነው። ስንፍና ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያንገበግበኝም ነበር። ሰነፍ ቢያንስ ተኝቷል፣ አርፏል፣ በልቷል። እኔ ያቺን ክረምት ያባከንኳት በላብ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ደክሜ አላውቅም።

ሰሜን ኖሮ የማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ይረዳልኝ። እዚህ አገር ክረምት ሲመጣ ዋናው ችግር ብርዱ አይደለም። ስዊድኖች መጥፎ ልብስ እንጂ መጥፎ አየር የለም ይላሉ፤ አባባሏ ስትደጋገም ታሰለቻለች፣ ሐሰት ግን አይደለችም። ብርድ ይለበሳል። ጨለማ አይለበስም። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ትወጣና 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሠራተኛው ወደ ሥራ ሲሄድ ጨለማ፣ ሲመለስ ጨለማ ነው። ብስክሌት የሚወድ ሠራተኛ በእነዚያ ወራት ከቅዳሜና እሑድ በቀር መንገድ በብርሃን አያይም፤ ቅዳሜ ደግሞ በረዶ ሊጥል ይችላል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ።

እኔ ያን ዓመት ብርሃን ነበረኝ። የከተማ ባቡር ሾፌር ነኝ፤ በዚያ ክረምት የደረሰኝ ፈረቃ የማታው ነበር። ሥራ የምገባው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ልጅ አልነበረንም። ጉልበቴ ደህና፣ ወገቤ ደህና። ፀሐይ ከምትወጣበት እስከምትጠልቅበት ያለው ሰዓት በሙሉ የእኔ ነበር። ስቶክሆልም ውስጥ በታኅሣሥ እንዲህ ያለ ሀብት ያለው ጡረተኛ ወይም ሥራ ፈት ብቻ ነው። ባልደረቦቼ የማታ ፈረቃን ይረግሙታል፤ እኔም አብሬ ረገምኩት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይሉ የለ።

የጠሩኝ ሰው ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። በአንድ አነስተኛ የሰፈር ክለብ ውስጥ የሰኔውን ቡድን የሚመርጡትና የሚያዘጋጁት እሳቸው ነበሩ። በስዊድንኛ እንደ አገሩ ልማድ በስማቸው ነበር የምጠራቸው፤ በልቤ ግን ሁልጊዜ አንቱ ነበሩ። በነሐሴ መጨረሻ አንድ እሑድ ከክለቡ ጋር ስነዳ ዳገት ላይ አዩኝ። መስከረም ላይ ቡና ጋብዘውኝ፣ ለሚመጣው ሰኔ ቡድን ውስጥ አንድ ቦታ ላንተ አስቤያለሁ አሉ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነበር፤ ክረምቱን ከእሳቸው ጋር መንዳት። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ድሮትኒንግሆልም ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት። ሰዓቱ የተመረጠው ብርሃኑን ለመያዝ ነው፤ በዚህ ምክንያት የሚመጡት ጡረተኞች፣ አንዲት የሌሊት ነርስ፣ አንድ እሳት አደጋ ሠራተኛና እኔ ነበርን። እኔ ማለት፣ መምጣት የነበረብኝ እኔ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሄጄ ነበር። ስለዚህ ምን እንደጣልኩ አላውቅም ማለት አልችልም።

ከቤተ መንግሥቱ ተነስቶ ድልድዩን ተሻግሮ ኤከሮ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ፌሪንግሶ፣ በእርሻና በፈረስ ጋጣ መሀል፣ ሐይቁን በግራም በቀኝም እያዩ። ጉዞው 3፣ አንዳንዴም 4 ሰዓት ይፈጃል። ብስክሌቶቹ የሰኔዎቹ ቀላል ብስክሌቶች አይደሉም፤ ጭቃ መከላከያ የተገጠመላቸው፣ ጎማቸው ላይ ትናንሽ የብረት ጥርስ የበቀለባቸው፣ በረዶ ላይ ሲሄዱ እንደሚቆላ ቡና የሚንጣጡ ከባድ ነገሮች ናቸው። ሽማግሌው የሚያስተምሩት በንግግር አልነበረም። የክረምት ጫማ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ እንዲሆን፣ ጣት የሚቀዘቅዘው መላወሻ ሲያጣ ስለሆነ። ኮዳው ውስጥ ሙቅ ሻይ እንዲቀዳ፣ ውኃ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድንጋይ ስለሚሆን። ደረት ላይ የሚለበሰው ካናቴራ ሁለት እንዲሆን፣ አንዱ ላብ ሲጠጣ ሻይ ቤት ገብቶ ለመቀየር። ቤት ሲገባ ከራስ በፊት ካቴናው እንዲታጠብ፣ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ብረት ስለሚበላ። ነፋሱን በቁጥር ነው የሚያስቡት፤ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 30 ኪሎሜትር ብትነዳ ቆዳህ የሚያውቀው ከዜሮ በታች 13 ነው። ከዜሮ በታች 10 ካለፈ ብስክሌቱ ይቀመጥና ሁሉም በበረዶ ሸርተቴ ይወጣሉ፤ ልብና ሳንባ እንደሆኑ የስፖርቱን ዓይነት አይጠይቁም።

ሻይ ሲጠጡ የድሮ ወሬ ያመጣሉ። የሚወዱት የፎግሉም ወንድማማቾችን ነው፤ አራቱ የፔተርሶን ልጆች፣ ከ1967 እስከ 1969 ሦስት ዓመት ተከታትለው በአማተሮች የዓለም ሻምፒዮና የቡድን የሰዓት ውድድር ያሸነፉት። ከእነሱ አንዱ፣ ዮስታ፣ በ1971 የጣሊያኑን ጂሮ ወስዷል። ሽማግሌው ልጅ ሆነው በሬዲዮ ሰምተውታል። ይህ ሁሉ የሆነው ከዚሁ ጨለማ አገር ነው ይሉና ሻያቸውን ይጨልጣሉ።

ፍጥነታቸውስ? በሰዓት 24 ኪሎሜትር ቢሆን ነው። እንግዲህ እዚህች ላይ ነው እኔ የተሰናከልኩት።

24! በበጋ እኔ ብቻዬን ከዚያ በላይ እነዳ ነበር። አጠገቤ የ70 ዓመት ሴት ስለ ልጅ ልጃቸው የጥርስ ሕክምና እያወሩ ይነዳሉ፤ ልቤ በደቂቃ 120 እንኳን አትመታም። ለ35 የሚዘጋጅ ሰው በ24 ይነዳል? ጠየቅኳቸው። «በሰኔ ትፈጥናለህ» አሉ፤ ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም። እኔ ደግሞ የሚያምረኝ ማብራሪያ ነው።

ማብራሪያውን ግን አውቀው ነበር፤ የሚያበግነኝም ይኸው ነው። በኖርዌይ የአግደር ዩኒቨርሲቲ ያለው አሜሪካዊው ተመራማሪ ስቲቨን ሳይለር የታላላቅ የጽናት ስፖርተኞችን የልምምድ መዝገብ አጥንቶ፣ ከ10 ልምምዳቸው 8ቱ ገደማ ቀላል፣ ሁለቱ ከባድ መሆናቸውን ከጻፈ ቆይቷል። አንብቤዋለሁ፤ እንዲያውም ለጓደኛ ልኬዋለሁ። ከዚያም አልፎ፣ ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ዓለም የሚያውቃቸው ሯጮች በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እያየ፣ ከእርምጃ ትንሽ በፈጠነ ሩጫ በዛፎቹ መሀል ሲጠማዘዙ እያየሁ ነው ያደግኩት። እኛ ሕፃናቱ ተከትለናቸው እንሮጥ ነበር፤ እንደርስባቸውም ነበር። ያን ዝግታ በዓይኑ ያየ ሰው ስቶክሆልም መጥቶ ይናቀው? ናቅኩት።

ዝግታው ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር ላስቀምጠው፤ ለእኔም ነገሩ የገባኝ ካለፈ በኋላ ወረቀት ላይ ስደምረው ነው። 9 ሰዓት በዚያ ፍጥነት የሚነዳ ሰው፣ በቡድን ውስጥ ከነፋስ ተከልሎም ቢሆን፣ 6,000 ኪሎካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። በጡንቻውና በጉበቱ የሚያከማቸው የስኳር ስንቅ 2,000 ገደማ ነው፤ እሱንም እስከ ጠብታው አያሟጥጠውም። እየነዳ ሊፈጭ የሚችለው በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው፤ ተደምሮ ከ2,000 ትንሽ በላይ፣ ሆዱ ጠንካራ ከሆነ 3,000። የጎደለው ከስብ መምጣት አለበት። ስብ በሁላችንም ላይ ሞልቷል፤ ፈጥኖ ማቃጠል ነው የሚቸግረው። ጡንቻ ውስጥ ሚቶኮንድሪያ መብዛት፣ ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች መብቀል አለባቸው። ለዚህ ደግሞ ረጅም፣ ቀላል፣ ወሬ የማያስጥል ሰዓት ይፈልጋል፤ ብዙ ወር ሙሉ። በ1984 ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ ለዓመታት የለመዱ ስፖርተኞችን ልምምድ አስቁመው ሲለኩ፣ የኦክስጅን አቅማቸው በ3 ሳምንት 7 በመቶ ወርዶ አገኙት፤ የደም ሥሮቹ ብዛት ግን ከ84 ቀን በኋላም አልቀነሰም። ቀስ ብሎ የበቀለ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እኔ ሊበቅል የሚችልበትን ጊዜ በሙሉ ያዋልኩት ቶሎ በሚሄደው ላይ ነው።

ምድር ቤት ካለችው መጋዘናችን ውስጥ የቤት ውስጥ መንጃ ማሽን ተከልኩ። የኋላውን ጎማ ታወልቅና ብስክሌቱን ትሰካበታለህ፤ ስክሪኑ ላይ ዝዊፍት የሚባለው ጨዋታ ዳገት ሲያሳይህ ማሽኑ ፔዳሉን ያከብድብሃል። ዋቶፒያ የምትባል የሌለች ደሴት አለችው። እሳተ ገሞራ አላት፣ ዘንባባ አላት፣ ፀሐይ አላት።

ከሥራ የምወጣው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው። በዚያ ሰዓት ኒውዮርክ ገና መሸት ይላል፤ አሜሪካኖቹ ከሥራ ተመልሰው ማሽናቸው ላይ ወጥተዋል፣ ውድድር ሞልቷል። ዩኒፎርሜን አውልቄ ወደ ምድር ቤት እወርዳለሁ። ውድድሩ 40 ደቂቃ፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው፤ ከመነሻው ጀምሮ ትንፋሽ የሚያሳጣ። ያኔ ተወዳዳሪ የሚመደበው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በሚያወጣው ዋት ነበር። ከ3.2 በታች ሲ ነህ፣ 3.2 ስትደርስ ቢ ነህ። ከሲ ወደ ቢ ያለፍኩባት ሌሊት ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ነገርኳት። ምን እንዳለችኝ አልጽፈውም።

በዚያ ምድር ቤት ያገኘሁትን ደስታ ላሳንሰው አልፈልግም። የማላውቀው ሰው ከብራዚል አውራ ጣቱን ይልክልኛል። መስመሩ ላይ ስሜ ከፍ ሲል እጄ ይንቀጠቀጣል። ከባቡር መሪ ክፍል ብቸኝነት ወጥቼ መቶ ሰው መሀል የገባሁ ይመስለኛል። ቁጥሩ ደግሞ አይዋሽም፤ በ20 ደቂቃ ፈተና የሚወጣው አማካይ ዋት በ0.95 ተባዝቶ የሚሰጠው ቁጥር፣ ከኅዳር እስከ ጥር በየወሩ ያድግ ነበር። ማደጉ ነው የገደለኝ። ባያድግ ኖሮ ምን ጎደለ ብዬ እጠይቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አይመጣም። ልቤ እየደለቀች፣ ደሜ እየፈላ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት እገላበጣለሁ። ስነቃ እኩለ ቀን አልፏል። ቁርስና ምሳዬን አንድ ላይ በልቼ መስኮቱን ስከፍት ፀሐይዋ ከጣሪያዎቹ ጀርባ ልትገባ ነው። ስለዚህ እንዲህ ሆነ፤ በስቶክሆልም ክረምት ብርሃን የነበረኝ ሰው ብርሃኑን ተኝቼ አሳለፍኩት፣ እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ስክሪን ውስጥ ያለች የዘንባባ ፀሐይ ስር ላቤን አፈሰስኩ። ከማሽኑ ድምፅ የተነሳ የልብስ ማጠቢያው በር ላይ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ የቁጣ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ስዊድናዊ ጎረቤት በአፉ አይቆጣም፤ በወረቀት ነው። እሱም ቢሆን ለእኔ ተልኮ እንደነበር አሁን ነው የሚታየኝ።

ለሽማግሌው ምን አልኳቸው? ሰው ሰበብ ሲፈልግ ሃይማኖቱንም አይምርም። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገባ። ጡረተኞቹ ሻይ የሚጠጡት ቅቤ ከተቀባ የቀረፋ ዳቦ ጋር ነው፤ እኔ ጥቁር ሻይ ይዤ ስቀመጥ ጠየቁኝ፣ አስረዳሁ፤ እስከ ገና ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤ እንደምታቀብ። ከዚያ በኋላ በነበረው ማክሰኞ ቀረሁ። በሚቀጥለው ሐሙስም። በጾም ላይ ረጅም መንዳት ይከብደኛል ብዬ መልእክት ላክሁላቸው። ይህን ስጽፍ እፍረቱ ያቃጥለኛል፤ ምክንያቱም የጾም ገበታ ለብስክሌተኛ የተሰናዳ ነው። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፤ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ከዚህ የተሻለ ስንቅ የት ይገኛል? ጾሙ የሚከብደው ለእኩለ ሌሊቱ ውድድር ነበር፤ እሱን ግን አንድም ቀን አልቀረሁበትም።

ነርሷ ቆይታ የነገረችኝን ምነው ሳልሰማ በቀረሁ። በዚያ በቀረሁበት ማክሰኞ ሽማግሌው የብስክሌት ቦርሳቸውን ከፍተው የቴምርና የኦቾሎኒ ከረጢት አወጡ አሉ። ገበያ ሄደው፣ ሻጩን ቅቤ እንደሌለበት ጠይቀው ነው የገዙት። ሐሙስም ይዘውት መጡ። ከዚያ በኋላ ለወፍ በተኑት።

ሚያዝያ ላይ ሽማግሌው ቡድኑን ለ200 ኪሎሜትር ጠሩ። እኔም ሄድኩ። ሁሉም ተራ በተራ ወደ ፊት ወጥቶ ነፋሱን ይጋፈጣል፤ ከኋላ የሚነዳው እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል፣ ደግሞ በተራው ይከፍላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ብታዩኝ! ፊት ስወጣ ቡድኑ ይፈጥናል፤ ሽማግሌው ከኋላ ሆነው ቀስ በል ይላሉ። ዳገት ላይ የእሳት አደጋ ሠራተኛውን ጥዬው ወጣሁ፤ ቢ ነኛ። 100 ኪሎሜትር ላይ ዝም አልኩ። 140 ሳይሞላ እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነ። ስኳር ጎረስኩ፣ ሙዝ ጎረስኩ፤ ሆዴ አልቀበልም አለ። ክረምቱን ሙሉ ስለ ልጅ ልጃቸው ጥርስ ሲያወሩ የነበሩት ሴት በሰፊ ጀርባቸው ነፋስ ከልለው ወደ ባቡር ጣቢያ አደረሱኝ፤ አንድም ጊዜ ዞር ብለው አላዩኝም፣ እንዳላፍር ብለው ነው። ምድር ባቡር ውስጥ ከብስክሌቴ ጋር ቆሜ የባልደረባዬን ድምፅ በማጉያው ሰማሁ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ማታ ሽማግሌው ደወሉ። «በጣም ጎበዝ የሁለት ሰዓት ብስክሌተኛ ነህ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ምጸትም አልነበረበትም። ቦታው ለነርሷ እንደተሰጠ ነገሩኝ፤ አመሰገንኳቸው፣ ሌላ ምን ልበል። ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ ከማእድ ቤት፣ «አንተ ሳይቦካ ጋገርክ» አለች። በዚህ ብርድ ሊጥ በማሞቂያው ስር ስንት ቀን እንደሚፈልግ የምታውቅ እሷ ናት።

ሰኔ ላይ፣ በዚያ ቅዳሜ፣ ሥራ ነበርኩ። የነጂዎቹ ሰዓት በየጣቢያው በኢንተርኔት ይወጣል። መጨረሻው ጣቢያ ደርሼ ባቡሩን ባዞርኩ ቁጥር ስልኬን አወጣለሁ። ዮንሾፒንግን አልፈዋል። ዮ የምትባለዋን ትንሽ ከተማ አልፈዋል። ካርልስቦርግ። ከአንዷ ጣቢያ ወደ ሌላዋ ስነዳ በልቤ ከነርሷ ጎማ ኋላ ነበርኩ። ሞታላ የገቡት 9 ሰዓት ሳይሞላ ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ። ፎቶው ላይ ነርሷ ታለቅሳለች፤ ሽማግሌው ኮፍያቸውን ገልብጠው አድርገዋል።

ያን ቀን ያልኩት፣ ለከርሞ ይሆናል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሽማግሌው በመስከረም የዳሌ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ብስክሌት ያስተካክላሉ እንጂ ቡድን አይመሩም። ቦታቸውን የሚይዝ አልተገኘም፤ ማክሰኞና ሐሙስ ቀረ። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ወደ ሰሜን ተዛወረ። የእኔ ፈረቃ ወደ ቀን ተቀየረ፤ ያን የረገምኩትን የማታ ፈረቃ መልሱልኝ ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ቀድመውኝ የጠየቁ ብዙ ናቸው ተባልኩ። ልጃችን ተወለደች። በእሷ አልቆጭም፤ ግን ቅዳሜ ጠዋት ማለት አሁን ምን ማለት እንደሆነ ወላጅ ያውቀዋል። ዕድሜዬም 40ን አልፎ እየሄደ ነው። ማሽኑን ሸጥኩት፤ ገዢው ወጣት አበሻ ነው፣ በኪሎ ስንት ዋት ታወጣ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ዓይኑ አበራ። ሌላውንም ልነግረው ጀመርኩ፤ እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ እያለ ማሽኑን ወደ መኪናው ጫነ።

በሚቀጥለው ሰኔ ብቻዬን ተመዝግቤ፣ ከሌሊት ነጂዎቹ ጋር ተቀላቅዬ ሄድኩ። ዮንሾፒንግ ላይ የሥጋ ድብልብልና የድንች ገንፎ፣ ዮ ላይ ላዛኛ፣ በየማረፊያው የብሉቤሪ ሾርባ፤ አንዱንም አላለፍኩ። ከ12 ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ከአጠገቤ በቡድን ተሰልፈው፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳይናገሩ የሚያልፉ ነበሩ፤ እያንዳንዱ ቡድን ሲያልፍ ከኋላቸው ለመግባት እግሬ ይነሳል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እቀራለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። 315 ኪሎሜትር! አንተ የኛ ቢኒያም ግርማይ! እያሉ አቀፉኝ፤ አንድ አባት ሜዳሊያውን አምጣና እንየው አሉ። አመጣሁላቸው፤ ገልብጠው አዩት፣ ለሰዎቹ አሳለፉት። ሰዓት አልተጻፈበትም። ነርሷም ያላት ይኸው ነው፣ 9 ሰዓት ሳይሞላ የገባችው። እንኳን ደስ አለህ ሲሉኝ አሜን እላለሁ፤ አንጀቴ ግን ያርራል።